ደማቅ ቀለም፣ የተውሶ ፊደል፦ የሃዋይ ቋንቋ በአክሪሊክ ሥዕል ላይ ምን ይሠራል?

በማርች 1 ቀን 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ በየሦስት ዓመቱ የሚካሄደው የሃዋይ ትሪየናል የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ በሃዋይኛ ርእስ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ትእዛዙ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶችን አስነሣ። አንዱ «ሃዋይኛ እንደገና ሊታገድ ነው» የሚል ስጋት ነው። ሌላው ደግሞ «ቋንቋውማ ድሮ ሞቷል፤ በሥዕልና በካናቴራ ላይ የቀረው ለቱሪስት የሚሸጥ ጌጥ ነው» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የሁለተኛው ስሕተት ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በሃዋይ የተሠሩትን ደማቅ የአክሪሊክ ሥዕሎች ከፊታቸው ቆሞ እንኳ እንዳናያቸው ያደርጋል። በነዚህ ሥዕሎች ላይ የተጻፈው ቃል ማድመቂያ አይደለም። ሥዕሉ የሚናገረው ጉዳይ ራሱ ነው።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት ተደራሽ እንዲሆን በ2000 የወጣውን ትእዛዝ ሽሯል። በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ አገልግሎት ግን የግድ ይቁም አላለም። የሃዋይ ክልል ሕገ መንግሥትን የሚነካ ነገርም የለውም። ይህ ሕገ መንግሥት በ1978 በተደረገለት ማሻሻያ እንግሊዝኛንና ሃዋይኛን እኩል ይፋዊ ቋንቋዎች አድርጓል።

ሆኖም እኩልነቱ ገደብ አለው። ያው አንቀጽ ሃዋይኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ግዴታ የሚሆነው ሌላ ሕግ ሲደነግግ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ክፍተቱ በጃኑዋሪ 2018 በማዊ ደሴት ፍርድ ቤት በግልጽ ታየ። አንድ ተከሳሽ በችሎት ፊት በሃዋይኛ ብቻ መልስ በመስጠቱ ዳኛው «አልቀረበም» ብለው የእስር ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዙ በማግስቱ ተነሣ፤ የፍርድ ቤቶቹ አስተዳደርም የሃዋይኛ አስተርጓሚ የሚመደብበትን አሠራር አወጣ። በ2019 ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት በሃዋይኛ የሚሰጥ ትምህርት በተገቢ መጠን ተደራሽ የማድረግ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ቋንቋው በወረቀት ላይ ይፋዊ፣ በአደባባይ ግን በየጊዜው መብቱን የሚያስከብር ነው። ሥዕሎቹ የሚወለዱት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ቋንቋው ከክፍል የወጣበትና የተመለሰበት መንገድ

ሚሲዮናውያን በ1820 ደሴቶቹ ላይ ከደረሱ በኋላ በ1822 የመጀመሪያው ኅትመት ወጣ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓትም በ1826 ተወሰነ። ንባብ በፍጥነት ተስፋፋ። የመጀመሪያው የሃዋይኛ ጋዜጣ በ1834 በማዊ ደሴት በላሃይና ከተማ አቅራቢያ ታተመ፤ ከዚያ እስከ 1948 ድረስ ከአንድ መቶ በላይ ጋዜጦች ወጥተዋል፤ ገጾቻቸው ከአንድ መቶ ሺህ ይበልጣሉ። በአፍ ብቻ የኖረ ቋንቋ ነበር የሚለው አባባል ስለዚህ መሠረት የለውም።

በጃኑዋሪ 1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከሥልጣን ተወገዱ። አዲሱ መንግሥት በ1896 ባወጣው ሕግ በመንግሥትም ሆነ በግል ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ በቤት መነጋገርን በቃል አልከለከለም፤ «እገዳ» የሚለውን ስያሜ የማይቀበሉ ወገኖችም ይህንኑ ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ ልጆች በትምህርት ቤት በሃዋይኛ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከቅጣት ለማዳን ሲሉ በቤትም እንግሊዝኛ መናገር ጀመሩ። በውጤቱ ሲለካ «እገዳ» የሚሉት ወገኖች ከእውነታው አልራቁም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆች ከሃምሳ በታች እንደነበሩ ይነገራል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የኒኢሃው ደሴት ተወላጆች ነበሩ።

መመለሻው በ1983 ተጀመረ፤ አሃ ፑናና ሌኦ የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያውን ሃዋይኛ ተናጋሪ መዋዕለ ሕፃናት በካዋይ ደሴት ከፈተ። በ1986 ሕጉ ተለውጦ ከ1987 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሃዋይኛ ማስተማር ቻሉ። የክልሉ መንግሥት በ2016 ባወጣው መረጃ በቤታቸው ሃዋይኛ የሚናገሩት ከ18,000 በላይ ናቸው። ዛሬ ቋንቋውን በሸራ ላይ የሚጽፉት ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ወይ በእነዚህ ክፍሎች የተማሩ፣ ወይ አያቶቻቸው የተዉትን ቋንቋ በጉልምስና የተማሩ ናቸው።

በተውሶ ፊደል ማንነትን ማሳየት

ለአማርኛ አንባቢ ቋንቋን መሳል አዲስ ነገር አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚኖረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ለዐሥርት ዓመታት የግዕዝ ፊደልን በአክሪሊክ ሲስል ኖሯል። ፊደሎቹን ይቆርጣቸዋል፣ ይዘረጋቸዋል፣ ይደራርባቸዋል። የማይነበብ ቃል በሚሆኑበት ጊዜ እንኳ ቅርጻቸው ከየት እንደመጡ ይናገራል።

የሃዋይ ሠዓሊ ይህ ዕድል የለውም። የሚጽፍበት ፊደል ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው፤ ፊደሉን ቢቆርጠውና ቢበትነው የሚቀረው ማንም የላቲን ፊደል ነው። ቋንቋውን ለዓይን የሚለዩት ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ናቸው። አንዱ ኦኪና ነው፤ በጉሮሮ የሚቋረጥ ድምፅን የሚወክል ሲሆን ከአምስት አናባቢዎችና ከሰባት ተነባቢዎች ቀጥሎ እንደ ዐሥራ ሦስተኛ ፊደል ይቆጠራል። ሌላው ካሃኮ ነው፤ አናባቢ ሲረዝም ከላዩ የሚሰመር አግዳሚ መስመር። ምልክቶቹ ለውበት የተቀመጡ አይደሉም። ፒ፣ ኤ እና ዩ የተባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ያለ ምልክት ሲጻፉ «አለቀ» ማለት ነው። በኤ እና በዩ መካከል ኦኪና ሲገባ «ጥላሸት»፣ ዩ ላይ ካሃኮ ሲታከልበት «እርጥብ»፣ ኤ ላይም ካሃኮ ሲደረብ «ቀሚስ» ይሆናል።

የጥንቶቹ ጋዜጦች ምልክቶቹን እምብዛም አልተጠቀሙም። እኛም «አለ» ብለን ጽፈን ይጥበቅ ወይም ይላላ የሚለውን ለአንባቢው እንደምንተወው፣ የዚያ ዘመን አንባቢ ቋንቋው አፉን የፈታበት ስለነበር ምልክት አላስፈለገውም። ዛሬ ብዙው አንባቢ ተማሪ ስለሆነ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያለ ምልክት የተጻፈ ሥዕል ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ ከድሮ ጋዜጣ የተወሰደ ጥቅስ ወይም የኒኢሃው አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። ስሕተት የሚሆነው በአንዱ ቃል ላይ ተደርጎ በሌላው ላይ ሲዘነጋ ነው።

በተግባር የሚበዙት ግድፈቶች ይታወቃሉ። ኦኪና ወደ ቁጥር 6 የሚጠጋ፣ ራሱ ከታች የወፈረ ቅርጽ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን በተገለበጠው የ9 ቅርጽ ወይም በቀጥተኛ ጭረት ይሣላል። ካሃኮው በሁለት ነጥብ ተተክቶ የሚታይበትም ጊዜ አለ። መንስኤው ቴክኒካዊ ነው፤ የቆዩ የኮምፒዩተር ፊደሎች ካሃኮን ሁለት ነጥብ ባለው የጀርመንኛ ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠውት ስለነበር፣ ፋይሉ በሌላ ማሽን ሲከፈት ነጥቦቹ ብቅ ይላሉ፤ ሠዓሊው ከዚያ ላይ ከገለበጠ ስሕተቱ ግድግዳ ላይ ይደርሳል። መፍትሔው ጽሑፉን በትክክለኛው መጠን በወረቀት ጽፎ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ድምፁን አውጥቶ እንዲያነበው ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሸራው ማስተላለፍ ነው።

ካኦና፦ ከላይኛው ትርጉም በታች ያለው

ካኦና በሃዋይ ግጥምና ዜማ ውስጥ ከግልጹ ትርጉም ሥር የሚቀመጥ ስውር ትርጉም ነው። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አንባቢ ጽንሰ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ የመፍቻው ቁልፍ ያለበት ቦታ ነው። በቅኔ ወርቁ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቃሉን በመሰንጠቅ ሲሆን፣ በካኦና ቁልፉ ብዙውን ጊዜ የቦታ እውቀት ነው። በሃዋይ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱ ዝናብና የራሱ ነፋስ ስም አለው፤ ቱአሂኔ የማኖአ ሸለቆ ዝናብ ነው፤ ካኒሌሁአ የሂሎ፤ ኪፑኡፑኡ የዋይሜአ።

በአንድ ሸራ ላይ ስስ ሰማያዊ ሰያፍ መስመሮች አረንጓዴ ሸለቆን አቋርጠው ሲወርዱና ከታች «ቱአሂኔ» ተብሎ ሲጻፍ፣ እንግዳው ተመልካች ዝናብ ያያል። የአካባቢው ሰው ማኖአን ያያል፤ የዩኒቨርሲቲውን ሰፈር፣ በሸለቆው የነበሩትን የካሎ (የጎደሬ) እርሻዎች፣ ዛሬ እዚያ ቤት መግዛት የማይችሉትን ቤተሰቦች ጭምር። ሥዕሉ መፈክር ሳይጽፍ የመሬት ጥያቄ ያነሣው በዚህ መንገድ ነው።

ካሎ ራሱ ሌላው ተደጋጋሚ ምስል ነው። ከእኛ ጎደሬ ጋር አንድ ዓይነት ተክል ሲሆን፣ በሃዋይ የትውልድ ትረካ ሃሎአ የተባለው የሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ነው። ልብ ቅርጽ ያለው ሰፊ ቅጠሉ ለሥዕል ስለሚመች ለጌጥ የተሣለ ይመስላል። ካሎ ግን የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቦይ እየተጠለፈ ወደ ሸንኮራ እርሻ ሄደ። በማዊ የመጨረሻው ትልቅ የሸንኮራ እርሻ በ2016 ሲዘጋ መሬቱ ባድማ ሆኖ ደረቅ ሣር ወረሰው። በኦገስት 8 ቀን 2023 ላሃይናን አንድዶ ከአንድ መቶ የሚበልጡ ሰዎችን የገደለው እሳት ከተባባሰባቸው ምክንያቶች አንዱ በምዕራብ ማዊም በቀድሞ እርሻዎች ላይ የበቀለው እንዲህ ያለው ሣር ነበር። ላሃይና አንድ ወቅት ኩሬና የካሎ መደብ የሞላባት፣ የመንግሥቱ መዲና የነበረች ከተማ ናት። ከ2023 በኋላ የተሣለ ካሎና ውሃ ይህን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ቀለሞቹን ማንበብ

ቀይና ቢጫ የአለቆች ቀለሞች ናቸው። አሁ ኡላ የተባሉት የላባ ካባዎች ቀዩን ኢኢዊ ከተባለው ወፍ፣ ቢጫውን ኦኦ እና ማሞ ከተባሉት ወፎች ያገኙ ነበር፤ ሁለቱ የቢጫ ላባ ወፎች ዛሬ ጠፍተዋል። ጥላሸት ጥቁር፣ የእርድ ቢጫና የቀይ አፈር ቀለም ደግሞ ከካፓ፣ ማለትም ከዛፍ ልጥ ከሚቀጠቀጥ ጨርቅ የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ደሴትም መለያ ቀለም አለው፤ ቀይ የሃዋይ ደሴት፣ ሮዝ የማዊ፣ ሐምራዊ የካዋይ፣ አረንጓዴ የሞሎካይ፣ ግራጫ የካሆኦላዌ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1941 እስከ 1990 የቦምብ መለማመጃ ያደረገው ይህንኑ ካሆኦላዌን ስለሆነ፣ በደማቅ ሸራ መካከል የተቀመጠ አንድ ግራጫ ቅርጽ ብዙ ይናገራል።

ለኢትዮጵያውያን የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ በሃዋይ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣሉ። አንደኛው ከጃማይካ በሬጌ ሙዚቃ የተሻገረው የራስተፈሪያውያን ቀለም ነው፤ መነሻው የኢትዮጵያ ባንዲራ ነው። ሁለተኛው ከ2001 ጀምሮ የታወቀው፣ «ካናካ ማኦሊ» የሚባለው የተወላጆች ባንዲራ ነው፤ ጥንታዊነቱ አከራካሪ ቢሆንም በሰልፎች ላይ ይያዛል። የቀለሞቹን ቅደም ተከተልና በመካከሉ ያለውን ጋሻ ሳያዩ «የእኛ ቀለም ነው» ብሎ መደምደም ያሳስታል። ይፋዊው የሃዋይ ባንዲራ በሥዕል ውስጥ ተገልብጦ ሲታይ ደግሞ የሠዓሊው ስሕተት አይደለም፤ በ2019 የማውና ኬአ ተራራ የቴሌስኮፕ ግንባታን የተቃወሙት ሰዎች እንዳደረጉት አገሩ በጭንቅ ላይ መሆኑን ማመልከቻ ነው።

አክሪሊክ ለምን? ምንስ ይበላሻል?

አክሪሊክ የቀለም ዱቄት በውሃ ውስጥ ከተንሳፈፈ የፕላስቲክ ሙጫ ጋር የተቀላቀለበት ቀለም ነው። ውሃው ሲተን የሙጫው ቅንጣቶች ተጣብቀው ተለጣፊ ንጣፍ ይሠራሉ። በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ለሠዓሊዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ ዋለ። ለፊደል ሥራ የተመረጠው ጠርዙ ስለት ስላለውና በደቂቃዎች ስለሚደርቅ ነው፤ በዘይት ቀለም አንድ ቃል እስኪደርቅ ቀናት ያስጠብቃል፤ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር በግድግዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ አያዛልቅም።

ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል መጻፍ የተለመደ ምኞት ነው፤ ውጤቱ ግን አረንጓዴ የሆነ ፊደል ነው፤ ብዙ ቢጫዎች አሳላፊ ናቸውና። ፊደሉ በመጀመሪያ በነጭ ይሣላል፤ ሲደርቅ ቢጫው ሁለት ጊዜ ይደገማል። ጠርዙ ቀጥ እንዲል የወረቀት ፕላስተር ሲለጠፍ ቀለሙ ከሥሩ ሰርጎ ይገባል። ይህን ለማስቀረት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ በቅድሚያ ቀለም የሌለው የአክሪሊክ ሙጫ በስሱ ይቀባል፤ የሚሰርገው ሙጫው ብቻ ይሆናል፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይገባል። ሙጫው እርጥብ ሳለ ነጣ ያለ፣ ሲደርቅ የጠራ ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ በማግስቱ በአዲስ ቅልቅል የተነካካ ፊደል ስለዚህ እንደ ድሪቶ ይለያል። ለአንድ ቃል የሚበቃውን ቀለም በአንድ ጊዜ ቀላቅሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ማቆየት ይሻላል።

በግድግዳ ላይ ችግሩ ይጨምራል። አዲስ ልስን ወይም ብሎኬት ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት፤ ካልቆየ በውስጡ ያለው ኖራማ እርጥበት ማያያዣውን ይጎዳል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ነጭ የጨው ዱቄትም ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል። ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ያልጠነከረ ንጣፍ በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ ይወርዳል። ሥራው ስለዚህ ማለዳ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላው ዝናብ በፊት ይቆማል። ከሁሉም ፈጥነው የሚጠፉት እንደ መብራት የሚያበሩት ፍሎረሰንት ቀለሞች ናቸው፤ በሃዋይ ፀሐይ ሥር ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ይነጣሉ። ፋታሎ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ እንዲሁም ፒአር254 የተባለው ቀይ ግን ይቆያሉ።

ፊደል ከ3 ሜትር ርቀት በቀላሉ እንዲነበብ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይበቃዋል፤ ከመንገድ ማዶ በ30 ሜትር ለሚነበብ 25 ሴንቲ ሜትር። ኦኪና ግን የፊደሉ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። በተመሳሳይ ርቀት ፊደሎቹ ሲነበቡ እሱ ይጠፋል፤ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ኦኪናን ከልማዱ ማተለቅና በዙሪያው ክፍት ቦታ መተው ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ሥዕሉ ከደሴቶቹ ሲወጣም ጥንቃቄ ይሻል። በ2020ው ቆጠራ ከሃዋይ ተወላጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሃዋይ ውጭ፣ በአሜሪካ ዋና ምድር ይኖራሉ፤ ሸራውም ይከተላቸዋል። አክሪሊክ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይሰባበራል። ሸራው ሲጠቀለል የተቀባው ፊት ወደ ውጭ መሆን አለበት፤ በመካከሉ ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት ይገባል። ተራ ወረቀት ወይም ጋዜጣ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል።

ያልተቋጩ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር ትርጉምን ይመለከታል። አንዳንዶች «አብዛኛው ነዋሪ ሃዋይኛ አያነብም፤ ካልተተረጎመ ሥዕሉ ለጥቂቶች ብቻ ይናገራል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በገዛ አገሩ ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛ ሥር የሚጻፍ ቋንቋ እንግዳ ሆኖ እንደሚቀር ይከራከራሉ። የተሻለው አካሄድ ሸራውን በሃዋይኛ ብቻ ትቶ ማብራሪያውን በአጠገቡ በሚሰቀል መግለጫ ላይ ማድረግ ነው፤ ተመልካቹ አይገለልም፤ ቋንቋውም ቦታውን አያጣም።

ሁለተኛው ማን ይሣል የሚለው ነው። ማትሰን የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ1938 ለአንድ የዋናው ምድር ሠዓሊ ያዘዛቸው የሃዋይ ሥዕሎች በኋላ በመርከቦቹ የምግብ ዝርዝር ሽፋን ላይ ታትመው በብዙ ቤቶች ተሰቀሉ፤ ሃዋይን የማያረጅ ድግስ አስመስለው ያስተዋወቁት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ናቸው። በሌላ በኩል በፓሪስ የተወለደው ዣን ሻርሎ በ1949 ወደ ሃዋይ መጥቶ ቋንቋውን ተማረ፤ በሃዋይኛ ተውኔት እስከ መጻፍ ደረሰ። ትውልድ ብቻውን መለኪያ አለመሆኑን የእርሱ ሥራ ያሳያል። የሕግ ጥበቃው ግን የሳሳ ነው። የተወላጆችን የእጅ ሥራ ከሐሰተኛ ስያሜ የሚጠብቀው የ1990 የፌዴራል ሕግ የተጻፈው እውቅና ላላቸው ነገዶች ነው፤ የሃዋይ ተወላጆች በዚያ መዝገብ ስለሌሉ፣ ሐሰተኛ ሥራን «የሃዋይ ተወላጅ ሥራ» ብሎ የሸጠ ሰው በዚህ ሕግ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ክርክር በሆኖሉሉ ካካአኮ ሰፈር ይታያል። ከ2011 ጀምሮ የመጋዘኖቹ ግድግዳዎች በሥዕል ተሸፈኑ፤ ሰፈሩ ስም አወጣ፤ ውድ የመኖሪያ ሕንፃዎችም ተተከሉ። ሥዕሉ ኪራዩን አስወደደው ማለት ግንባታው ቀድሞ መታቀዱን መዘንጋት ነው። ለሻጮቹ ማስታወቂያ ሆኖ ማገልገሉ ግን አይካድም። ሠዓሊዎች በውል ላይ ሊያዩት የሚገባ ነጥብ አለ፤ በፌዴራል ሕግ መሠረት ሥዕሉ ሳይጠፋ መነሣት የሚችል ከሆነ የሕንፃው ባለቤት ለሠዓሊው አሳውቆ እንዲያነሣው 90 ቀን መስጠት አለበት። ብዙ ውሎች ይህን መብት በአንድ መስመር ያስቀራሉ።

ከዚህ በኋላ

ሃዋይ በ1967 ከመንግሥት ሕንፃ ግንባታ ወጪ 1 በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል በሕግ የደነገገች የመጀመሪያዋ ክልል ናት። ገንዘቡ የክልሉ ስለሆነ የፌዴራሉ የቋንቋ ትእዛዝ አይነካውም። በፌዴራል ድጋፍ የሚሠሩ ሙዚየሞችና ፕሮጀክቶች ግን የማመልከቻቸውንና የመግለጫቸውን ቋንቋ ደግመው ማየታቸው አይቀርም። ጫናው በይፋ ክልከላ ሳይሆን በጥንቃቄ መልክ ሊመጣ ይችላል፤ ከመግለጫው ሃዋይኛው ተቀንሶ፣ ርእሱ በእንግሊዝኛ ቀድሞ። በክልሉ ገንዘብ በሚገዙት ሥራዎች ላይ ደግሞ የጎደለው አንድ ተራ የሥራ ደረጃ ነው፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን የሚያነብና የሚያርም ተናጋሪ መመደብና ክፍያውን በበጀቱ ማስያዝ። ለአንድ ግድግዳ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ከተቀባ በኋላ አንድ ኦኪና ለማረም ግን መወጣጫ እንደገና ይቆማል፤ ቀለም እንደገና ይቀላቀላል፤ ከጎኑ ካለው ጋር የሚመሳሰለውም በብዙ ሙከራ ነው።